«ትምክህተኛ»፦ በምን?

በስደተኛው ተማሪ የስብሰባ ቋንቋ ውስጥ፣ እዚህ ቶሮንቶም ሆነ ሌላ ቦታ፣ «ትምክህተኛ» የሚለውን ያህል የሰውን አፍ ፈጥኖ የሚዘጋ ቃል አላየንም። ተከሳሹ በምን እንደ ተመካ ሳይጠየቅ ይፈረድበታል። ሂሳችን በዚህ አጠቃቀም ላይ ነው።

ሥሩ «ተመክሐ» የሚለው የግዕዝ ግስ ነው። (የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ግዕዝ ማስተማር ሲጀምር ድምፃዊው አቤል ተስፋዬ 50,000 ዶላር ለግሶ ነበር፤ ብንመካበት የሚነቅፈን የለም።) አማርኛ «ተመካ» ብሎ ወረሰው። ይህ ግስ ብቻውን አይቆምም፤ ሰው በልጁ፣ በወገኑ፣ በጉልበቱ፣ በአምላኩ ይመካል። «መመኪያዬ» የምትል እናት ልጇን ታሞግሳለች እንጂ አትሰድብም። ፎካሪ እንኳ ጀብዱውን የሚቆጥረው አብሮት የዋለ ሰው ቆሞ እየሰማው ነበር፤ ቀረርቶ የደረደረ ሁሉ ጀግና ነበር ማለታችን ግን አይደለም። «ትዕቢት» ከዚህ ይለያል። «ዐቢይ» ከሚለው ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ፣ ራስን በራስ ማተለቅ ነው፤ መደገፊያም ምስክርም አይሻም።

«ትምክህት» ድሮም ክፉ ፍቺ አላጣም፤ የዛሬውን መልኩን የያዘው ግን በተማሪው ንቅናቄ ነው። የዋለልኝ መኮንን ጽሑፍ በ1962 ዓ.ም. «ታገል» ላይ የወጣው በእንግሊዝኛ ነበር። በባዕድ ቋንቋ የተነበበው ንድፈ ሐሳብ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሾቪኒዝም» «ትምክህተኝነት» ተባለ። ፈረንሳዮች ቃሉን ያገኙት ከኒኮላ ሾቫን ነው፤ ናፖሊዮንን ያመልክ ነበር ከሚባል፣ መኖሩ እንኳ ካልተረጋገጠ ወታደር። እ.ኤ.አ. በ1831 በፓሪስ የቴአትር መድረክ ተሳቀበት። የእኛው ትርጉም ሳቁን ትቶ ክሱን ብቻ ወሰደ። መጀመሪያ «የታላቅ ብሔር ትምክህት» ይባል ስለ ነበር «በምን?» ለሚለው መልስ ነበረው፤ እያደር ቅጽሉ ወደቀ። በኢሕአዴግ ዘመን «ትምክህትና ጠባብነት» ጥንድ ሆነው በየጉባኤው ሲደጋገሙ፣ ተናጋሪው ከሁለቱ ወደ አንዱ የሚመደበው ብዙ ጊዜ በተናገረው ሳይሆን በተወለደበት ነበር።

እውነተኛ ትምክህተኛ የለም አላልንም። የሌላውን ቋንቋ እንደ ቋንቋ የማይቆጥር ሰው አለ፤ ስሙ ሊጠራ ይገባል። ይሁንና ከሳሹ «በቋንቋህ ተመክተህ የዚህን ሰው ቋንቋ ንቀሃል፣ ይኸውም እንዲህ ባልህ ጊዜ» ብሎ ያስረዳ፤ ያን ጊዜ ተከሳሹ የሚመልሰው ነገር ያገኛል። ቃሉን ወርውሮ የሚቀመጥ ጓድ ግን ማስረዳትን ለክብሩ የማይመጥን አድርጎ ቆጥሯል፤ ለዚህ ደግሞ አማርኛ ከ«ትምክህት» የተለየ ቃል እንዳለው ከላይ አይተናል።