ቡናው በሚዛን፣ ገበሬው በእንባ፦ «ማክስ ሃቬላር» እንደገና ሲነበብ

ለገበሬ ማዘን አንድ ነገር ነው፤ ገበሬው የሚያውቀውን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ለመመርመር ከሆላንዳዊው ደራሲ ከሙልታቱሊ «ማክስ ሃቬላር» የተሻለ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1860 የታተመው ይህ ልቦለድ ስሙ የገነነው በጃቫ ደሴት ገበሬዎች ላይ ይፈጸም የነበረውን ግፍ በማጋለጡ ነው። ንዑስ ርእሱ የሚናገረው ስለ ቡና ጨረታ ነው። ይሁን እንጂ ቡና አገኛለሁ ብሎ መጽሐፉን የከፈተ አንባቢ ነጋዴውን ያገኛል፤ ዛፉን ግን ሲፈልግ ይውላል።

ሙልታቱሊ የብዕር ስም ሲሆን የላቲን ትርጓሜው «ብዙ መከራ አየሁ» እንደ ማለት ነው። እውነተኛ ስሙ ኤድዋርድ ዳወስ ዴከር ይባላል። በ1856 በምዕራብ ጃቫ በለባክ አውራጃ ረዳት አስተዳዳሪ ሆኖ ሳለ፣ የአገሬው ሹማምንት የሕዝቡን ከብትና ጉልበት ያለ ዋጋ ይወስዳሉ ብሎ ከሰሰ። አለቆቹ ስላልደገፉት በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። ዘመኑ በ1830 የተጀመረው የግዴታ እርሻ ሥርዓት የሰፈነበት ነበር። መንደሮች በደንቡ መሠረት ከመሬታቸው አንድ አምስተኛውን ለመንግሥት ሰብል እንዲያውሉ ይታዘዙ ነበር፤ በተግባር ግን ሸክሙ ከዚህ ያልፍ ነበር። ሆላንዳዊውም ሆነ የአገሬው ሹም ከምርቱ ላይ መቶኛ ስለሚታሰብለት፣ ገበሬውን አብዝቶ ማሠራት ለሁለቱም ጥቅም ነበረው። ምርቱም በንግድ ማኅበሩ በኩል ሆላንድ ገብቶ በጨረታ ይሸጥ ነበር።

ደራሲው ይህን ዓለም የሚያስተዋውቀን በአምስተርዳሙ የቡና ደላላ በባታቩስ ድሮግስቶፕል አንደበት ነው። ከመጽሐፉ ምጸቶች ሁሉ ይህ ጸሐፊ የማይረሳው አንድ አለ። ድሮግስቶፕል በለባክ ቡና እንደማይለማ፣ ምክንያቱም አፈሩ ለቡና ስለማይስማማ መሆኑን ይሰማል። ይህ ግን ለእርሱ ማመካኛ አይሆንም፤ መሬቱ እንዲስማማ ይደረግ፣ አለዚያም ሰዎቹ ቡና ወደሚበቅልበት ይወሰዱ ባይ ነው። አንባቢ ይስቃል። ሳቁ ግን አይዘልቅም፤ የግዴታው እርሻ ትእዛዝም የተሠራው ከዚሁ አስተሳሰብ ነበርና። መሬትን በሩቅ ሆኖ የሚያዝ ሰው አፈሩን የሚጠይቀው ገበሬ ሰነፍ ይመስለዋል።

ገበሬው ምን ያውቅ ነበር? ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ደን፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተነስቶ በየመን በኩል አልፎ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጃቫ የደረሰው ቡና ትእግሥት የሚጠይቅ ተክል ነው። ከተተከለ ሦስት አራት ዓመት ሳይሞላው በወጉ ፍሬ አይሰጥም። ፍሬውም ባንድ ቀን አይቀላም፤ ለቃሚው ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ መመለስ አለበት። ይህ ሁሉ ምልልስ ከሩዝ ማሳ ላይ የሚቀነስ ቀን ነው። ተክሉ ከፍታ ይወዳል፤ ልቦለዱ ከወጣ ከዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል በኋላ የቡና ቅጠል ዝገት ጃቫ ሲገባ ክፉኛ የተመታው በዝቅተኛው ስፍራ የተተከለው ነበር። ከዚህ የእጅ እውቀት በልቦለዱ ውስጥ የገባው እጅግ ጥቂት ነው።

«ልቦለድ የግብርና መማሪያ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። መልሱን ግን ራሱ መጽሐፉ ይሰጠናል፤ ብርቱው ምዕራፍ የሳይጃና የአዲንዳ ታሪክ ነውና። የሳይጃ አባት የሚያርስበት ለማዳ ጎሽ ይወሰድበታል። የእርሻ ወቅት ደርሷልና ከአባቱ የወረሰውን ጩቤ ሸጦ ሌላ ይገዛል። ሕፃኑን ሳይጃን ከነብር ያዳነው እንስሳ ሳይቀር ተነጥቆ ይታረዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሚስቱ ወላጆች የተወረሰው የብር መጋረጃ ማንጠልጠያ ይሸጣል። እዚህ ላይ ደራሲው ማልቀሱን ትቶ ይቆጥራል፦ አንድ እንስሳ፣ አንድ የእርሻ ወቅት፣ አንድ የውርስ ዕቃ። የጎሹ ዋጋ በሥራው ስለሚታወቅ ግፉም ልክ ያገኛል። በሬው የተወሰደበትን ሰው ሐዘን የሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት አስረጂ አያሻውም።

ታሪኩ ወደ ፍቅረኞቹ ዕጣ ሲዞር ግን እጅ ሥራውን ይፈታል፤ ሳይጃ የሚናፍቅና የሚሞት ምስኪን ብቻ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻም ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን አሰናብቶ በራሱ ስም ወደ ንጉሡ ይጮኻል። ጩኸቱ ደፋር ነው፤ ግን የሆላንዳዊ ሹም ጩኸት ወደ ሆላንዳዊ ንጉሥ ነው። ሙልታቱሊ የተቃወመው የአገዛዙን ግፍ እንጂ አገዛዙን ራሱን አልነበረም። ገበሬው የሚያዝኑለት እንጂ የሚማከሩት ሰው ሆኖ አልታየውም።

በ1988 በሆላንድ አነስተኛ የቡና ገበሬዎች የተሻለ ዋጋ እንዲያገኙ የሚሠራ የንግድ ምልክት ሲቋቋም ስሙ «ማክስ ሃቬላር» ተባለ። ዓላማው በጎ ነው። ሆኖም በቡናው ከረጢት ላይ የተጻፈው የአዛኙ ሹም ስም እንጂ የሳይጃ ስም አይደለም።

ይህን ነቀፋ ለሆላንዳዊው ብቻ ትተን ብንሄድ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በእኛም ድርሰቶች ቡና ገጹ ላይ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከጀበና ሲቀዳ ነው፤ ለቃሚዋ፣ አራሚው፣ የጥላውን ዛፍ የመረጠው ሽማግሌ ከሲኒው ጀርባ ይቀራሉ። «ማክስ ሃቬላር» ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው። የጎሹን ታሪክ የጻፈው እጅ ወደ ቡናው ዛፍ ቢሻገር ኖሮ ደግሞ ከዚህም የላቀ መጽሐፍ በሆነ ነበር።