«ህዋስ» እና የቤተ ሙከራ ግሦች

ለሥነ ሕይወት ትምህርት ከተሰየሙት የአማርኛ ቃላት መካከል እንደ «ህዋስ» የሠመረላቸው ጥቂቶች ናቸው። ቃሉ ከመማሪያ መጽሐፍ አልፎ በጋዜጣና በሬዲዮ ገብቷል፤ «ህብረ ህዋስ»፣ «ባለ አንድ ህዋስ»፣ «ህዋሳዊ» የሚሉትንም ወልዷል። ቃል መውለዱ ሥር የመስደዱ ምልክት ነውና ይለወጥ የሚል አሳብ የለኝም። ይሁን እንጂ ስኬቱ አንድ ጉድለት ሸፍኖ አቆይቷል።

በግእዝም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «አምስቱ ሕዋሳት» የሚባሉት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። ይኸው ትርጉም «የስሜት ህዋሳት» በሚል ሐረግ ወደ ሳይንስ መማሪያ ገባ። እንግዲህ አንድ አንባቢ «የማየት ህዋስ ተጎድቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያገኝ፣ የተጎዳው ዓይን ነው ወይስ በዓይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ካሉት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አንዱ? ዓረፍተ ነገሩ አይመልስም። ጸሐፊው ሐኪም፣ አንባቢው ሕመምተኛ በሆነ ጊዜ ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይሆንም።

ልዩነቱ በፊደል ይጠበቅ፤ አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጻፍ ይባል ይሆናል። ለዓይን የተለየው ግን ለጆሮ አይለይም፤ መምህር የሚያስተምረውም በቃል ነው። የሚሻለው በሳይንስ ጽሑፍ ዓይንና ጆሮን «የስሜት አካላት» ብሎ «ህዋስ»ን ለአንዱ ትርጉም ብቻ መተው ነው። ነባሩ «ሕዋሳት» በትርጓሜና በሥነ ጽሑፍ ክብሩን ይዞ ይኖራል።

«ህዋስ» የነገሩን መልክ አይገልጽም የሚለው ነቀፌታ ግን ውኃ አይቋጥርም። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽ ስስ ቁራጭ በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ ያየውን ትንሽ ክፍል በሚል የላቲን ቃል ሰየመው። ያየው የሞተ ተክል ባዶ ግድግዳ ነበር። ሽላይደን በ1838፣ ሽቫን በ1839 ዕፀዋትና እንስሳት ሁሉ ከህዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን ሲያስተምሩ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ። ስለሆነም መጠሪያ ሥዕል እንዲሆን አይጠየቅም፤ እንዳያሻማ ግን ይጠየቃል።

ከስሙ ይልቅ የከፋው የግሡ ችግር ነው። ለእርማት ከቀረቡልኝ የቤተ ሙከራ መመሪያ ትርጉሞች በአንዱ፣ ናሙናን ቀለም ማስያዝ «ማቆሸሽ»፣ ህዋስን መግቦ ማብዛት «ባህል»፣ ናሙናው ሳይፈርስ እንዳለ እንዲቆይ ማድረግ «መጠገን» ተብለው አገኘሁ። ተርጓሚው የተረጎመው ቃሉን እንጂ ድርጊቱን አይደለም። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ያወጣው ዘዴ ባክቴሪያዎችን በሐምራዊ ቀለም ነክሮ በአልኮል ያጥባል፤ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ቀለሙን ይይዛሉ፣ ሌሎቹ ይለቁና ኋላ የሚጨመረውን ቀይ ቀለም ይቀበላሉ። «አቆሽሽና እጠብ» የተባለ ተማሪ ቆሻሻ የሚያስለቅቅ ይመስለዋል፤ ቀለሙ እስኪጠፋ አጥቦም ምርመራውን ያበላሻል። ሸማኔው ፈትሉን ያቀልማል፤ «ማቅለም» እያለ «ማቆሸሽ» ምን አመጣው? እንዲሁም «የህዋስ ርባታ» እና «ናሙናን ማጽናት» ማለት ይቻላል።

የቤት ቃል መዋሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ናሙናን በኃይል አሽከርክሮ የሚለየውን መሣሪያ «መናጫ» ለማለት ይቃጣን ይሆናል። ነገር ግን ወተት ሲናጥ የተበተነው ቅቤ ይሰበሰባል፤ እዚህ ግን እንዳይረጋ የተደረገ ደም ሲሽከረከር ከባዶቹ ቀይ ህዋሳት ከታች ይዘቅጣሉ፣ ፈዛዛ ቢጫው ፈሳሽ ከላይ ይጠላል። ይህ የጠላ ነገር እንጂ የወተት ነገር አይደለም፤ አተላ በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን መሣሪያው ያፋጥነዋል። ስለዚህ «በማሽከርከር ማጥለል» ቢባል ሥራውን ይገልጻል፤ ከታች የቀረውም «ዝቃጭ» የሚል ስም አለው።

ከዚህ የምንረዳው ተርጓሚ ወደ መዝገበ ቃላት ከመሄዱ በፊት ወደ ቤተ ሙከራው ገብቶ እጅ የሚሠራውን ማየት እንዳለበት ነው። ድርጊቱን ያየ ሰው አማርኛውን ከሸማኔውና ከጠማቂዋ ያገኘዋል፤ ያላየ ግን ቃል በቃል እየተካ አንባቢን ያሳስታል።