“ታች” የት ነው?

ሐረር ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ጅብ ሳያወራ አይቀርም። እኔ ስለ እጣቢ ላወራችሁ ነው፤ ታገሡኝ።

ያረፍኩበት ቤት ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሌሊት ላይ ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ቤተሰቡ በሙሉ ተነሣ። “አቦ፣ መጣች!” ተባለ። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር ተሰለፈ። ጠዋት ልብሱ ታጠበ፣ ወለሉ ታጠበ፣ እኔም ታጠብኩ። የታጠብንበትም በአጥሩ ሥር ሾልኮ ከጎረቤት እጣቢ ጋር ተቀላቀለና ቁልቁል ወረደ።

“እማማ፣ ይሄ የት ይሄዳል?” አልኳቸው የቤቱን እናት።

“ታች ነዋ!”

“ታች የት?”

“እኔ ምን አውቄ ልጄ? እኛ መምጣቷን ነው የምንጠብቀው።”

እሳቸው ምን ያድርጉ! የከተሞቻችን ዕቅድ ሁሉ የተነደፈው በዚህችው ዐረፍተ ነገር ነው።

ለመምጣቷማ ያልተደረገ የለም። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት ከሐረማያ ሐይቅ ጠጣች። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ (በቅርብ ዓመታት መመለሱን እሰየው ብለናል) ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውሃ ተሳበላት። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐረር 1,850 ገደማ። ያን ሁሉ ዳገት ለማስወጣት ፓምፕ፣ መብራትና ብዙ ብር ያስፈልጋል። ለመሸኘት ግን ተዳፋቱን ፈጣሪ በነፃ ሰጥቶናል። የጎደለው ከተዳፋቱ ግርጌ የሚቀበል ማጣሪያ ነው።

“ጉድጓድ አለን” የሚል አይጠፋም። ጉድጓድ ይሞላል። የሚመጥጥ መኪና ይጠራል እንዳትሉኝ፣ በጀጎል መተላለፊያ ጭነት የያዘች አህያም በመከራ ነው የምታልፈው። የማድቤቱ እጣቢስ መቼ ጉድጓድ አየ?

ማጣሪያ ደግሞ ተአምር አይደለም። ፍሳሹ ኩሬ ውስጥ ያርፋል፣ ዝቃጩ ይወርዳል፣ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ፀሐይ ጀርሙን ትገድላለች። አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ በ1970ዎቹ የጀመረችው በእንዲህ ዓይነት ኩሬ፣ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ነው። በቀን 100,000 የሚያጣራ እስኪሠራላት ግን 2010 ዓ.ም. አካባቢ ደረሰ። አቃቂ ወንዝ ዛሬም አልጠራም። የዘገየ ከተማ ዕዳው ይኸው ነው።

የጀጎልን ግንብ የሠሩት ሰዎች እንኳ ይህን አስበውበታል። ግንቡ ላይ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ትተዋል፤ ሌሊት ገብቶ አጥንቱንና ትርፍራፊውን እንዲያጸዳ። ግንቡን በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበልን፣ እኛም ኮራን። ሳሙናና የሞተር ዘይት የሚበላ ጅብ ግን እስካሁን አልተገኘም።

“ታች” ባዶ አገር አይደለም። ታች የኤረር ሸለቆ ነው፤ ገበሬ አለበት፣ ከብት አለበት፣ የባቢሌ ዝሆኖችም አሉበት። ኤረር ወርዶ ዋቢ ሸበሌን ይቀላቀላል፤ እዚያም የሚጠጣ ሕዝብ አለ። የሚቀጥለው የውሃ ፕሮጀክት ሲመረቅ ከጭብጨባው በፊት አንድ ሰው ይነሣና “መውጫውስ?” ብሎ ይጠይቅልን።

በማግስቱ ኤረር በር ላይ ሰላጣ ስገዛ አማረኝና ሻጯን ከየት እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ከታች ነው ወንድሜ” አለችኝ፤ “በጋ ከክረምት ውሃ የማያጣ መሬት ነው።”