ድስት የሌለበት ማጀት

ልጆች ይዤ ሜዳ ስወጣ ድስት አልይዝም። ድስት ካለ አብሳዩ እኔ ነኝ፤ እነሱ ቁጭ ብለው ጉርሻ ይጠብቃሉ። ደግሞም የምንወጣባት የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ የባቄላ ንፍሮ የጣደ ሰው ሳይበላ ይመሽበታል። ፍም ግን ደጋ ቆላ አይልም።

ጥቅምት ላይ ለእሸት የወንድሜን ልጆች ይዤ ላይ ጋይንት እገባለሁ። መጀመሪያ ካብ እንፈልጋለን፤ ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳቱን ለመለኮስ ብቻ ነው፤ ቶሎ ይያያዝና ብልጭታውን ይረጫል። ረመጥ የሚሰጠው ኩበት ነው። ልጆቹ ነበልባል ሲያዩ ባቄላውን ከነቆባው ሊጥሉበት ይሽቀዳደማሉ። እስኪከስም ማስቆም ነው ትልቁ ሥራዬ።

ከሁሉ የምወደው ግን ብርኩታ ነው። የገብስ ዱቄት በጨው ጠጠር አድርገው ያሹታል። ቡጢ የሚያህል ድንጋይ እሳት ውስጥ ይግላል፤ ዱቄት ቆንጠር አድርጌ ስበትንበት ወዲያው ከጠቆረ ደርሷል ማለት ነው። አመዱን አራግፌ ሊጡ መሃል አስቀምጠዋለሁ፤ እነሱ ጠቅልለው አፉን ይገጥሙና ረመጡ ዳር እያገላበጡ ይጠብቁታል። ድንጋዩ ከውስጥ፣ ፍሙ ከውጭ ይጋግረዋል። ሲቆርሱት ድንጋዩን ለማግኘት የሚያደርጉት ግፊያ ከዳቦው ይበልጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ድንጋዩን ከወንዝ አስመጣሁ፤ ልሙጥነቱ አማረኝ። ለካ ውሃ ቋጥሯል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ እንደ ጥይት ጮኸና ፈነዳ፤ ስባሪው በአንደኛው ልጅ ጆሮ አጠገብ አልፎ ጋቢዬን በሳው። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ የምወስደው ፀሐይ ካደረቀው ካብ ነው፤ እስኪግልም ልጆቹ አሥር እርምጃ ይርቃሉ።

ወደ እስቴና ስማዳ ስንወርድ አንድ ክልክል አለኝ፦ ጓያ። ልጅ ከአተር ጋር ያምታታዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ጋይንትን በሚያዋስነው በደላንታና ዳውንት፣ ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ብዙ ሰው እግሩ ሽባ ሆኗል። መጠበሱ መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። ሽማግሌዎቹ «እንፋሎቱም ይሰብራል» ይላሉ፤ እሱን እንኳ እጠራጠራለሁ። አንድ እፍኝም ሰው አይጥልም፣ ጉዳቱ አዘውትሮ ሲበላ ነው። ቢሆንም በእኔ እሳት ላይ አይጠበስም።

ወንድ ልጅ በእኛ አገር ማጀት ከገባ «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ተብሎ ይባረራል። ከብት ጥበቃ ላይ ግን እሸት ያልጠበሰ፣ ድንች ረመጥ ውስጥ ያልቀበረ እረኛ አላውቅም። አድጎ ሲያገባ ሁሉንም ይረሳዋል፤ እኔም ረስቼው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ያለ እኔ እርዳታ አንድ ብርኩታ ጋገረና በነጠላ ጠቅልሎ ለአያቱ ወሰደላት። እናቴ ቆርሳ ቀመሰችው።

«የኔ ጌታ፣ ማን ጋገረው?»

ልጁ የጎረቤት ሰዎች መኖራቸውን አየና ወደ እህቱ ጠቆመ። «እሷ ናት» አላት። ሊጡ ጥፍሩ ሥር ገና አልደረቀም ነበር።