ሞልድ ያላገኙ ጀግኖች፦ ፈቃድ ያለው መጫወቻና የነገሌ ቦረና ገበያ

በነገሌ ቦረና የልጆች መጫወቻ የሚሸጠው ከፕላስቲክ ጫማ፣ ከፀጉር ጌጥና ከእጅ ባትሪ ጎን ነው። ከዚያ መካከል አንዱን እሽግ አንስቶ መመልከት ለዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ጥሩ መግቢያ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ስፓይደርማን፣ ባትማንና ሀልክ ጎን ለጎን ቆመዋል። ስፓይደርማንና ሀልክ የማርቭል፣ ባትማን ደግሞ የዲሲ ነው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ስለሆኑ ሦስቱን በአንድ ተራ ካርቶን የሚያሰልፍ ፈቃድ በተለመደው አሠራር አይሰጥም። የባትማን ደረት ላይ ያለው ቢጫ ቀለም ከምልክቱ ዳር አልፎ ፈስሷል፤ የስፓይደርማን አንድ ዓይን ከሌላው ይተልቃል። እጅና እግራቸው ሲታይ ሦስቱም ከአንድ ሞልድ (የፕላስቲክ መቅረጫ) የወጡ ናቸው። የሚለያዩት በጭንቅላታቸውና በቀለማቸው ብቻ ነው።

አንዳንድ የሱፐርሂሮ ታሪኮች ለምን ጥቂት መጫወቻ ብቻ እንደሚሠራላቸው ሲጠየቅ ቀድሞ የሚሰነዘረው መልስ «ልጆች ስላልወደዷቸው» የሚል ነው። የንግዱ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። የማርቭል ጀግኖች የሆኑት የኤክስ-ሜን የፊልም መብት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፊልም ኩባንያው ፎክስ እጅ ነበር። ዲዝኒ በ2009 ማርቭልን ሲገዛ የመጫወቻው ንግድ ወደ ዲዝኒ ሲዞር ፊልሙ እዚያው ፎክስ ዘንድ ቀረ። የመጫወቻ አምራቹ ሌጎ በ2012 እና በ2014 ለኤክስ-ሜን አንዳንድ ስብስብ ካወጣ በኋላ ለዓመታት ዝም አለ፤ ፊልሞቹ ግን በእነዚያው ዓመታት ሲኒማ ቤቶችን ይሞሉ ነበር። ዲዝኒ በ2019 የፎክስን የፊልም ንግድ ከገዛ በኋላ ስብስቦቹ ተመለሱ። በእኔ ንባብ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተፎካካሪን ፊልም በገዛ መጫወቻው የሚያስተዋውቅ ነጋዴ የለም። ያንግ ጀስቲስ የተባለው የካርቱን ተከታታይም በ2013 ሲቋረጥ፣ የማቴል መጫወቻዎች ሽያጭ ተዳክሞ የማምረቻው ገንዘብ መድረቁን አዘጋጁ ግሬግ ዋይስማን ተናግሯል። የተቋረጠው ተመልካች ስላጣ አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው የሴት ጀግኖች ጉዳይ ነው። በ2015 በወጣው ሁለተኛው የአቬንጀርስ ፊልም ብላክ ዊዶው ከአውሮፕላን በሞተር ብስክሌት ትወርዳለች። ከፊልሙ ጋር ለገበያ በቀረበው የሀዝብሮ መጫወቻ ግን ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ካፒቴን አሜሪካ ነው። የአይረን ማን 3 ዳይሬክተር ሼን ብላክም፣ ዋናዋን ክፉ ገጸ ባሕርይ ከሴት ወደ ወንድ የለወጠው የሴት መጫወቻ አይሸጥም በመባሉ እንደነበር በ2016 ገልጿል። እዚህ ላይ መጫወቻው ታሪኩን ይከተላል የሚለው እምነት ይፈርሳል፤ የታሪኩን መልክ የወሰነው የመጫወቻው ሒሳብ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ጀግና አላጣንም። ደራሲው በስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ አማካይነት «ጀምበር»ን በ2018 (እ.ኤ.አ.) በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ተመርቆ ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ወጣት ኃይል ሲያገኝ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ቀጥሎ ሴት ጀግና ያላት «ሐዊ» መጣች። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ከሠራ በኋላ «ጥበብ ገርልስ» በተሰኘው የአኒሜሽን ሥራ ሦስት ልጃገረዶችን ልዩ ኃይል አልብሶ ያለዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን አሳፋሪ አድርጎ ማየትን እንዲታገሉ አድርጓል። ለቦረናና ለጉጂ ቆላ ልጃገረዶች ከዚህ የሚቀርብ ጉዳይ የለም። እነዚህ ጀግኖች ግን በፕላስቲክ ተቀርጸው ከነገሌ፣ ከያቤሎ ወይም ከሜጋ ሱቆች አልደረሱም።

አንደኛው እንቅፋት የሞልድ ዋጋ ነው። ለፕላስቲክ መቅረጫ የሚሠራ የብረት ሞልድ በሺዎች፣ ሲወሳሰብም በአሥር ሺዎች ዶላር ያስወጣል፤ ይህ ወጪ የሚመለሰው በብዙ ሺህ ፍሬ ላይ ሲካፈል ነው። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ለዓመታት ተራ ሲጠበቅ በኖረበት አገር ለአንድ አነስተኛ የኮሚክ አሳታሚ ይህ የማይታሰብ ነው። ሕጉ መብቱን ሰጥቷል፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለባለቤቱ የመፍቀድም የመከልከልም ሥልጣን ይሰጡታል። ነገር ግን ፈቃዱን ወስዶ የሚያመርት ሰው ከሌለ የመፍቀድ ሥልጣን ብቻውን ምን ይሠራል?

የነገሌው እሽግ ዋና ነገርም እዚህ ላይ ይገለጣል። ከመርካቶ በጅምላ ይምጣ በሞያሌ በኩል ይግባ፣ ያ እሽግ ፈቃድ የለውም። ይሁንና ያለ ፈቃድ የተሠራው ፈቃድ ያለውን ይከተላል። አስመስሎ የሚሠራ ፋብሪካ ቀድሞ የተቀረጸ ፊት፣ ቀድሞ የተመረጠ ቀለም፣ በሌላ ሰው ገንዘብ የተዋወቀ ስም ይፈልጋል፤ ያልተቀረጸውን ማንም አይገለብጥም። ስለዚህ ፈቃድ ያለው መጫወቻ ማነስ በሆሊውድ ወይም በአዲስ አበባ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ኦርጅናሉ የሌለው ጀግና ኮፒም አይኖረውም፤ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ከተማ ውስጥ ያለ ልጅ እጅ የሚገባበት ሕገወጡ መንገድ እንኳ ይዘጋበታል። ስለ ኮፒ ንግድ የሚጻፈው በአብዛኛው ባለመብቱ ስለሚያጣው ገንዘብ ያወራል። ተገልባጭ ለመሆን እንኳ ያልበቁትን ጀግኖች ግን አያነሳቸውም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው እንቅፋት የጊዜ ነው። የመጫወቻ ፈቃድ በፊልም መውጫ ቀንና በፈረንጆች ገና ይሰላል። በቦረናና በጉጂ ቆላ ግን ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ከብት ሲሸጥ ነው፤ ከብት ደግሞ ዋጋ የሚያወጣው ገና (በኦሮምኛ የመጋቢት-ግንቦት ዝናብ የሚጠራበት ስም ነው) እና ሐገያ (አጭሩ ዝናብ) ሲዘንቡ ነው። ከ2013 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ እንደ ዱብሉቅ ያሉ ገበያዎች ላይ የከሳ ከብት ገዢ አጥቶ ውሏል። በዚያ ጊዜ ለልጅ አሻንጉሊት መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ደህና ዓመት ሲሆን የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ሳንቲም የሚያገኙት በኢድ ነው፤ ይህን ቀን የሚያውቅ የፈቃድ ውል ግን አላጋጠመኝም።

ልጆቹ መጫወቻ አጥተው ተቀምጠዋል ማለት ግን አይደለም። ታደሰ ጃለታ ጅራታ ስለ ጉጂ ልጆች ያደረጋቸው ጥናቶች ተረቱና እንቆቅልሹ ከብት ጥበቃ ላይ፣ ማታም ቤት ውስጥ ሕያው እንደሆነ ያሳያሉ። ከጭቃ ላም የሚሠራ፣ በጠጠር በረት የሚያጥር ልጅ ጀግናውን በእጁ መቅረጽ ይችላል። የጎደለው የአገሩ ጀግና መልክ እጁ መግባቱ ነው።

ስለዚህ የአገራችን ባለመብቶች የሆሊውድን መንገድ ከጫፍ መጀመር ያለባቸው አይመስለኝም። የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ዋ ፀሐይ ራሷ የጨርቅ አሻንጉሊት ነበረች፤ ጨርቅ ደግሞ ሞልድ አይፈልግም። ነገሌም ሞያሌም ልብስ ሰፊ አለ። አሳታሚው ለአንድ ልብስ ሰፊ ወይም ለአንድ የሴቶች ማኅበር አነስተኛ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ፣ ከተሸጠው ፍሬ ላይ ጥቂት ብር እየወሰደ፣ ካርዱ ላይ የጀግናዋን ታሪክ በኦሮምኛና በአማርኛ እያተመ። የመጀመሪያው ዙር ከኢድ ሁለት ሳምንት በፊት ሱቅ ቢደርስና ዋጋው ከዚያ ባለ ሦስት ጀግና እሽግ ባይበልጥ፣ ነጋዴው እዚያው ከፕላስቲክ ጫማው ጎን የማይደረድርበት ምክንያት አይታየኝም።