ብቸኛው ጊታርና ባለቤቱ

ብሉዝ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚታሰበው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚጮኸው ጊታርና የከተማ ጭፈራ ቤት ግርግር ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው፣ አንድ የእንጨት ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ የሚበቁት ሌላ ብሉዝ ነበረ፤ ዛሬም አለ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ይህንኑ ነው። ጓድም ደጋፊ ኩባንያም ሳይኖረው በራሱ ጣትና በራሱ ጉሮሮ ብቻ የሚቆም ሙዚቀኛ ከምን ላይ ይደገፋል? የሠራውስ ሥራ የማን ይሆናል? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የመረጥናቸው ሚሲሲፒ ጆን ኸርትን ነው። እኒህ ሰው በሚሲሲፒ ግዛት አቫሎን በምትባል ትንሽ መንደር በእርሻ ሥራ የኖሩ፣ ጊታርንም ያለ መምህር በራሳቸው ጥረት የተማሩ ነበሩ። በ1928 ኦኬ የተባለው የሸክላ ኩባንያ አስጠርቷቸው መጀመሪያ በሜምፊስ፣ ኋላም በኒውዮርክ ዘፈኖቻቸውን ቀረጸ። «ሚሲሲፒ» የሚለውን ቅጽል በስማቸው ላይ የጨመረውም ለሽያጭ ይበጃል ብሎ ራሱ ኩባንያው ነው። ሸክላዎቹ ግን ብዙ ገበያ አላገኙም፤ በተከታዩ ዓመት የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀትም የሸክላውን ንግድ አሽመደመደው። ጆን ኸርት ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ለ35 ዓመታት ያህል የሚሰማቸው የአካባቢያቸው ሰው ብቻ ሆነ።

ከ1928ቱ ሥራ ወደ እኛ የደረሱት 13 ዘፈኖች ናቸው። እነዚህን መጀመሪያ የሚያዳምጥ ሰው ሁለት ጊታሮች አብረው የሚጫወቱ ይመስለዋል። አውራ ጣታቸው በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እንደ ልብ ትርታ ሳያቋርጥ ይመላለሳል፤ የቀሩት ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣሉ፤ ድምፃቸውም ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያወጋ ሰው ረጋ ብሎ ይገባል። እንደ ቻርሊ ፓተንና እንደ ሰን ሃውስ ያሉት የዚያው ግዛት አንጋፋዎች ጉሮሯቸውን አሻክረው ክሩን በኃይል ሲመቱ፣ ጆን ኸርት አንድም ጊዜ ሲቸኩሉ አይሰሙም። ይህ የጠባይ ገርነት ብቻ አይመስለንም፤ የሥራ ብልሃት ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ከበሮውንም በእጁ ይዞ መሄድ አለበት፤ አውራ ጣቱ ምቱን ከጠበቀለት ድምፁ ነፃ ይወጣል።

በአገራችን ብሉዝን ከትዝታ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው። በስሜት መቀራረባቸውን አንክድም፤ ነገር ግን ትዝታ የቅኝትም ስም መሆኑ ይታወቃል፤ ንጽጽሩም በኀዘኑ ላይ ብቻ ሲቆም የጣትን ሥራ ያስረሳል።

በ1963 ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት የሸክላ ወዳድ፣ ጆን ኸርት በዘፈናቸው የጠሯትን የአቫሎንን ስም ተከትሎ ሄዶ አገኛቸው። በዚያው ዓመት በኒውፖርት የባህላዊ ሙዚቃ በዓል ላይ ተጫወቱ፤ ጣታቸውም ያው የ1928ቱ ጣት ነበር። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሐያስያን «መረሳታቸው ሙዚቃቸውን ከብልሽት ጠበቀላቸው» ይላሉ። ይህን አስተያየት አንቀበለውም። ሙዚቃውን የጠበቀው ከቀን ሥራቸው በኋላ ለጎረቤት መጫወታቸውን አለማቋረጣቸው ነው እንጂ መረሳት ምንም አልጠበቀም። ይልቁንም የጎልማሳነት ዘመናቸው ሁሉ ያለ ሸክላ አለፈ፤ ከተገኙ በኋላ የኖሩትም ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1966 ዐረፉ። ድህነትን የኪነ ጥበብ ሞግዚት አድርጎ ማመስገን ለተመልካች ይቀላል።

የባለቤትነት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ ወይዘሮ ኤልዛቤት ኮተን ግራኝ ነበሩ፤ ለቀኝ እጅ የተወጠረውን ጊታር ክሩን ሳይለውጡ ገልብጠው ስለሚይዙት፣ ወፍራሙን ክር በጣት፣ ዜማውን በአውራ ጣት ይመቱ ነበር። «ፍሬይት ትሬን» የተባለውን ዘፈን ገና ልጅ ሳሉ ደረሱት። በኋላ የሲገር ቤተ ሰብ የቤት ሠራተኛ ሆነው ሲኖሩ ቤተ ሰቡ ጨዋታቸውን ሰማ፤ በ1958ም የመጀመሪያ ሸክላቸው ወጣ። ዘፈኑ ግን ቀድሟቸው ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር፤ በ1957 በእንግሊዝ አገር ሲዘፈንና ገበያ ሲያገኝ በደራሲነት የተጻፈው የሌሎች ሰዎች ስም ነበር። የደራሲነቱ ክብር ለእርሳቸው የተመለሰው ከክርክር በኋላ ነው።

የስኪፕ ጄምስ ነገር ደግሞ በሌላ መንገድ የሄደ ነው። በ1931 ለፓራማውንት ኩባንያ ተቀርጸው ሲረሱ ከቆዩ በኋላ በ1964 በሚሲሲፒ ሆስፒታል ተኝተው ተገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ጓድ «አይም ሶ ግላድ» የሚለውን ዘፈናቸውን ሲጫወት የደራሲነቱ ክፍያ ደረሳቸው። የዘፈኑ ርእስ ስለ ደስታ ነው፤ ገንዘቡ የዋለው ግን ለሕክምናቸው ነበር። በ1969 ዐረፉ።

ዛሬ በገዛ ወጪያቸው የሚቀርጹ ወጣት ተጫዋቾች ከእነዚህ ሸክላዎች አውራ ጣትን ማመላለስ እየተማሩ ነው። በሸክላው ላይ የማን ስም እንደተጻፈ የሚመለከቱት ግን ጥቂቶች ይመስሉናል። ወይዘሮ ኮተን በ1985 የግራሚን ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 90 ገደማ ነበር፤ በዚያ ዕድሜያቸውም በየመድረኩ ያንኑ በልጅነታቸው የደረሱትን ዘፈን በተገለበጠው ጊታር ይጫወቱ ነበር።