ክፉውን ማን አመጣው?

ወደ ከሚሴ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ግን የኬንያዊው ቄስ የጆን ምቢቲ «የአፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው ይህ መጽሐፍ ከነቀፋ አላመለጠም። ኡጋንዳዊው ባለቅኔ ኦኮት ፕቢቴክ፣ የአፍሪካን አማልክት የግሪክ ካባ ያለበሱ ከሚላቸው ጸሐፍት መካከል ምቢቲን ቆጥሮታል። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ይለያል።

ምቢቲ እንደሚለው በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ ፈጣሪ ክፋትን አልፈጠረም። ሰው ሲታመም ወይም ከብቱ ሲሞትበት ከጀርባው የሰው እጅ ይፈለጋል፤ መተተኛ ወይም በእኛ አነጋገር ቡዳ። ድርቅ፣ ወረርሽኝ፣ አንበጣና ጦርነት ግን ከግለሰብ ዐቅም በላይ ስለ ሆኑ በጠቅላላው ለፈጣሪ ወይም ለመንፈስ ይሰጣሉ።

ለመሆኑ ጦርነትን ከአንበጣ ጋር ምን አዛመደው? በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በጂሌ ጥሙጋና በአጣዬ አካባቢ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ አጣዬ ተቃጠለች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴን ራሷን ያዘ። ይህን የሰማይ ቁጣ ማለት ገዳዩን ነጻ መልቀቅ ነው። በአንጻሩ ሕፃን በታመመ ቁጥር ጎረቤትን መጠርጠር አንዲትን ምስኪን ቡዳ አሰኝቶ ያስኮንናል። እንግዲህ በትንሹ መከራ ንጹሕ ሰው ይከሰሳል፤ በትልቁ መከራ ወንጀለኛው ይሰወራል። መጽሐፉ ይህን ልማድ ይመዘግባል እንጂ አይሞግተውም።

የከሚሴ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እምነቱን «ባህላዊ» ብሎ መጥራት አይቻልም። ሆኖም ወሎ የራሱ ወግ አለው። አንድ ምሽት ወዳጃ ተጠርቼ ሄድኩ። ቡናው ተፈላ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ ጫቱ ቀረበ። ዱዓው ለዝናብ ነበር። አባታችን ግን እጅ ከመነሣቱ በፊት የተጣላ ሰው እንዳለ ጠየቁ። በእርሻ ድንበር የተቀያየሙ ሁለት ሰዎች ተነሡ፤ አፉ ተባባሉ። ከዚያ በኋላ ነው «አሚን» የተባለው። ማንም መተተኛ አልፈለገም፤ ሁሉም ነገር ለፈጣሪ ተትቶም አልቀረም።

ላምበርት ባርትልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ በመጫ ኦሮሞ ዘንድ ስላለው ሰፉ ጽፏል፤ ሰውን፣ ፍጥረትንና ፈጣሪን በየቦታቸው የሚያከብር ሥርዓት ነው። ያ ሥርዓት ሲጣስ ሰላም ይደፈርሳል። ያየሁት ወዳጃ ለዚህ ሐሳብ ቅርብ መሰለኝ።

ነገሩን ግን አላሳምረውም። የድንበር ጠብ የከተማ ቃጠሎ አይደለም። ከተማ ያቃጠሉትም በዚያ ምሽት ከመካከላችን አልነበሩም። የሞተበት ሰው አፉ የሚለው ለማን ነው?

አንድ ነገር ግን አልረሳም። ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው አፉ በለኝ ከማለቱ በፊት ድንበሩን ያለፈው እሱ መሆኑን በሁላችን ፊት ተናግሯል። ስለ አጣዬና ስለ ጂሌ ጥሙጋ እስካሁን የምጠብቀው ይህንን ቃል ነው።